በከረጢት የሚሸጠው የማይኮራይዛ ዱቄት ለአገር በቀል ችግኞች ምን ያህል ይጠቅማል?

ይህ ግምገማ የሚመለከተው ከውጭ አገር ታሽጎ የሚገባና «የሥር ማበረታቻ» እየተባለ የሚሸጥ የማይኮራይዛ ፈንገስ ዱቄት ነው። የገዛሁት በአዲስ አበባ ዳርቻ በምትገኝ አነስተኛ ችግኝ ጣቢያዬ ለማፈላቸው የጽድ፣ የወይራና የጥቁር እንጨት ችግኞች ነው። የአምራቹንም ሆነ የሻጩን ስም አልጠቅስም፤ የማነሣቸው ጉድለቶች በዚህ ዓይነት ዕቃ ላይ በብዛት የሚታዩ ስለሆኑ፣ አንባቢው የትኛውንም ከረጢት ገልብጦ ሲያይ ሊያስባቸው ይገባል። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ዱቄቱ በሕይወት ካለ፣ ከሕንፃ መሠረት ተቆፍሮ በወጣ ወይም የላይኛው ንጣፉ ታጥቦ ባለቀ አፈር ላይ ለሚያድግ ችግኝ ዋጋውን ያወጣል። የደን አፈር ቀላቅሎ ለሚያፈላ ሰው ግን ጥቅሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው ነገር ማዳበሪያም መድኃኒትም አይደለም፤ በሸክላ ብናኝ የተለወሰ የፈንገስ ስፖር (ዘር መሰል መራቢያው) እና ፈንገስ ያደረበት የደረቀ የሥር ቁራጭ ነው። ይህ ፈንገስ በዱር ዕፅዋት ሥር ውስጥ ገብቶ፣ ከዕፅዋቱ ጋር እየተጋገዘ የሚኖር ነው። ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ በቀላሉ የሚንቀሳቀስ ንጥረ ነገር ስላልሆነ፣ ሥሩ በዙሪያው በአንድ ወይም በሁለት ሚሊ ሜትር ክልል ያለውን ከጨረሰ በኋላ ራቅ ብሎ ያለውን ማግኘት ይቸግረዋል። በተለይ በቀይ የደጋ አፈራችን ፎስፈረሱ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ስለሚቀመጥ ችግሩ ይብሳል። የፈንገሱ ክሮች ከሥሩ ፀጉሮች እንኳ የቀጠኑ በመሆናቸው፣ ሥሩ ሊገባባቸው በማይችሉ የአፈር ቀዳዳዎች እየሾለኩ ፎስፈረሱን ያመጡለታል። ተክሉ በበኩሉ በፀሐይ ብርሃን ከሚያዘጋጀው ምግብ እስከ አንድ አምስተኛ የሚደርስ ድርሻ ለፈንገሱ ይከፍላል። የሚከፍለውም ስኳር ብቻ ሳይሆን ቅባትም ጭምር መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2017 የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ፈንገሱ ቅባትን ከመነሻው ራሱ መሥራት አይችልምና።

የዕቃው ዋጋ ውድ የሆነበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ጥገኝነት ነው። እርሾን ወይም የሚበላ እንጉዳይን በገለባና በስኳር ማባዛት ይቻላል፤ ይህን ፈንገስ ግን ሕይወት ካለው ሥር ለይቶ ማራባት አይቻልም። ስለዚህ አምራቾቹ ወይ በአሸዋ ውስጥ በተተከለ ሕያው ተክል ላይ ያባዙታል፣ ወይም በቤተ ሙከራ ሳህን ውስጥ በሚያድግ የካሮት ሥር ላይ ያሳድጉታል። በሁለተኛው መንገድ የተመረተው ከሌሎች ጥቃቅን ሕዋሳት የጸዳ በመሆኑ የተሻለ ተደርጎ ይታያል፤ እኔ የገዛሁት ግን በየትኛው መንገድ እንደተመረተ ከረጢቱ ላይ አልተጻፈም።

ይህን ጉድኝት እ.ኤ.አ. በ1885 ማይኮራይዛ የሚል ስም አውጥቶለት ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው ጀርመናዊው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ነው። ነገሩን የጀመረው ትረፍል የሚባለውን ውድ የከርሰ ምድር እንጉዳይ በፕሩሲያ ማልማት ይቻል እንደሆነ አጥና ተብሎ ነበር፤ እንጉዳዩን ለገበታ ሲያፈላልጉ የዛፍ ሥር ምስጢር ተገኘ ማለት ነው። ጉድኝቱ ራሱ ግን እጅግ የቆየ ነው። በስኮትላንድ ራይኒ በተባለ ስፍራ በተገኙ፣ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው የዕፅዋት ቅሪቶች ውስጥ ዛሬ በችግኞቻችን ሥር የምናያቸውን የሚመስሉ የፈንገስ ቅርጾች ታይተዋል።

ወደ ከረጢቱ ጽሑፍ እንመለስ። በጀርባው ላይ ረዘም ያለ የፈንገሶች ዝርዝር የሰፈረ ሲሆን፣ ዝርዝሩ በሁለት ወገን ይከፈላል። የመጀመሪያው ወገን በሥሩ ሕዋሳት ውስጥ የሚገባው አርባስኩላር የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከእነዚህ ዋነኛው በቀድሞ አጠራሩ ግሎመስ ኢንትራራዲሴስ፣ በአሁኑ ራይዞፋገስ ኢሬጉላሪስ የሚባለው ነው። ሁለተኛው ወገን ሥሩን ከውጭ የሚሸፍነውና በሕዋሳቱ መካከል እንጂ ወደ ውስጣቸው የማይዘልቀው ኤክቶማይኮራይዛ ሲሆን፣ ፒሶሊተስ፣ ስክለሮደርማና ራይዞፖጎን የሚሉ ስሞች ተደርድረዋል። ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር ዕቃው የተሻለ ይመስላል፤ እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። በኢትዮጵያ ደረቅ የደጋ ደኖች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጥቁር እንጨት ሁሉም የሚጎዳኙት ከመጀመሪያው ወገን ጋር ነው። እንዲያውም የዝግባን ቀጭን ሥር ያየ ሰው በላዩ የተደረደሩትን ጥቃቅን እብጠቶች ያስታውሳል፤ በውስጣቸው የሚኖረው ይኸው አርባስኩላር ፈንገስ ነው። ስለዚህ አገር በቀል ዛፍ የሚያፈላ ሰው ከከፈለው ገንዘብ ከፊሉ ለማይጠቅመው ነገር ይሄዳል።

የሁለተኛው ወገን ፈንገሶች የሚያገለግሉት በዋናነት ለጥድ (ከአገር በቀሉ ጽድ ለተለየው፣ ፓይን ለሚባለው የውጭ ዛፍ) እና ለባሕር ዛፍ ነው። ለጥድማ ወሳኝ ናቸው፦ ጥድ ከአገሩ ወጥቶ ወደ ሞቃታማ አገሮች በተወሰደበት ዘመን ችግኙ እየቀጨጨ ያስቸገረው፣ የሚጎዳኘው ፈንገስ በአዲሱ አፈር ውስጥ ስላልነበረ ነው፤ ፈንገሱ ያለበት አፈር ሲመጣለት አደገ። ነገር ግን እንግዳ ፈንገስ ከገባ በኋላ በተተከለበት አይወሰንም። ከአውሮፓ ዛፎች ጋር ወደ ኒው ዚላንድ የገባው ቀዩ መርዛማ እንጉዳይ፣ አማኒታ ሙስካሪያ፣ ዛሬ በአገሩ ተወላጅ ደን ውስጥ ይገኛል። ገዳዩ አማኒታ ፋሎይደስም በካሊፎርኒያ ወደ ተወላጆቹ የኦክ ዛፎች ተሻግሯል። በከረጢቱ የተዘረዘሩት ፈንገሶች እንዲህ ያደርጋሉ ማለቴ አይደለም። ሆኖም በማያስፈልግበት ቦታ የሩቅ አገር ፈንገስ መበተን ለምን ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ በሻጮች ዘንድ ሲነሣ አልሰማሁም።

ከዝርዝሩ በታች «በግራም ይህን ያህል ስፖር» የሚል ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር የተቆጠረውን እንጂ በሕይወት ያለውን አይናገርም፤ የሞተም ስፖር በማጉያ መነጽር ሥር ያው ስፖር ሆኖ ይቆጠራል። ከዚያ ይልቅ የሚጠቅመው የምርቱ ቀን፣ የመጠቀሚያው ማብቂያና የአቀማመጡ ሙቀት ነው። በመጀመሪያው ከረጢት ላይ ሦስቱም በግልጽ ተጽፈው ነበር፤ ይህን አመሰግናለሁ። በኋላ ከሌላ ሱቅ በገዛሁት የዚያው ዓይነት ከረጢት ላይ ግን የዋጋው ተለጣፊ ወረቀት በቀኑ ላይ ተለጥፎበት ነበር፤ ከረጢቱም ከመስኮቱ ሥር ፀሐይ ሲመታው የቆየ ይመስል ቀለሙ ነጥቷል። የዚህን ከረጢት ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

በዱቄቱ ውስጥ ከፈንገሱ ሌላ ሂዩሚክ አሲድ (ከብስባሽ የሚገኝ ንጥረ ነገር) እና የባሕር አረም ብናኝ ተጨምሯል። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም ግምገማን በቀላሉ ያሳስታል፤ ዱቄት የተደረገለት ችግኝ ካልተደረገለት አጠገብ ቢለመልም ያለመለመው ፈንገሱ ይሁን ተጨማሪው ምግብ አይታወቅም። ስለዚህ ችግኞቹን በሦስት ከፈልኳቸው፦ አንደኛው ክፍል ዱቄቱን እንዳለ አገኘ፤ ሁለተኛው ያንኑ ዱቄት ፈንገሱ እንዲሞት በፕሬዠር ድስት ከተቀቀለ በኋላ አገኘ፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ሦስቱም ክፍሎች በሁለት ዓይነት አፈር ተሞከሩ፤ አንዱ ከሕንፃ መሠረት የወጣና አሸዋ የተቀላቀለበት የታችኛው አፈር፣ ሌላው ሁልጊዜ የምጠቀምበት የደን አፈር የገባበት ድብልቅ ነው። ዱቄቱን የሰጠሁት ችግኙ ከመደብ ወደ ፕላስቲክ ሲዛወር በቀጥታ ሥሩ ላይ በመነስነስ ነው፤ ከላይ በአፈሩ ገጽ ላይ መበተን ሥሩን ስለማያገኘው ብክነት ነው።

በታችኛው አፈር ላይ ልዩነቱ የማያሻማ ነበር። ዱቄቱን በሕይወቱ ያገኘው ጥቁር እንጨት ቀድሞ ቅጠሉን ሰፋ አደረገ፤ ያልተሰጠው ቅጠሉ አነስተኛና ወደ ሐምራዊነት ያደላ ሆኖ ቆየ፤ ይህም የፎስፈረስ እጥረት የተለመደ ምልክት ነው። ጽድ በባሕርዩ ዝግተኛ ስለሆነ ቶሎ አልለየም፤ ውኃ ማጠጣቱን ባሳሳሁበት የበጋ ወቅት ግን ሕያው ዱቄት ያገኙት ጽዶች ጫፋቸው ሳይደርቅ አለፉ። የወይራው ልዩነት መጠነኛ ነበር። የተቀቀለውን ዱቄት ያገኙት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ተሽለው ታይተው፣ ኋላ ምንም ካልተሰጣቸው ጋር ተስተካከሉ። የሻጭ ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ፎቶግራፍ በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት የተነሣ ቢሆን ኖሮ፣ የባሕር አረሙ ሥራ ለፈንገሱ ተቆጥሮለት ነበር።

በደን አፈሩ ድብልቅ ላይ ደግሞ ሦስቱን ክፍሎች ያለ ምልክታቸው ለይቶ የሚናገር ሰው አላገኘሁም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በአገራችን ብዙ ችግኝ ጣቢያዎች ከጥንት ጀምሮ የደን አፈር ሲቀላቅሉ የኖሩት ለልስላሴውና ለብስባሹ ብለው ቢሆንም፣ ከአፈሩ ጋር የዱር ዛፎቹን ፈንገስ ሳይከፍሉበት ሲያስገቡ ኖረዋል።

ይህን ሁሉ ከቅጠል መገመት አይበቃም፤ ሥሩን ማየት ያስፈልጋል፤ ማየቱም የሚፈራውን ያህል አይከብድም። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ዘዴ የሚጠይቀው ኮምጣጤና የብዕር ቀለም ነው። እንደ ክር የቀጠነውን ሥር በጥንቃቄ አጥቦ በአሥር በመቶ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውሕድ መቀቀል፣ ሥሩ የብርሃን ማሳለፊያ እስኪመስል ሲነጣ በውኃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ከዚያም አምስት በመቶ ቀለም በተጨመረበት ነጭ ኮምጣጤ ለሦስት ደቂቃ ያህል ማፍላት ነው። የመጀመሪያው ውሕድ ቆዳንና ዓይንን ክፉኛ ያቃጥላል፤ ጓንትና የዓይን መከለያ የሌለው ሰው ባይሞክረው ይሻላል። ትርፉ ቀለም ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ ባለበት ውኃ ውስጥ ሲለቅ፣ ሥሩ ነጥቶ ፈንገሱ ብቻ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል።

ማይክሮስኮፑን ያዋሰኝ ባዮሎጂ የሚያስተምር ወዳጄ ነው። በደን አፈር ያደገውን የጽድ ሥር ስናየው ወፍራም ሰማያዊ ክሮች በሕዋሳቱ መካከል በርዝመት ተዘርግተዋል፤ እዚህም እዚያም ቅባት ያቆረባቸው ክብ ከረጢቶች ይታያሉ፤ በአንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ክሩ ደጋግሞ እየተከፋፈለ ሕዋሱን ሞልቶታል። ፎስፈረሱና ስኳሩ የሚለዋወጡት በዚህ የተከፋፈለ ክፍል ላይ ሲሆን፣ ዕድሜው የጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ያረጀው እየፈረሰ አዲስ ይተካል። በመሠረት አፈር ላይ ከመጀመሪያው ከረጢት ዱቄት ያገኘው ሥርም ይህንኑ ይዞ ተገኘ። የክሮቹ ዓይነት ግን አንድ ወጥ ነበር፤ በደን አፈሩ ሥር ውስጥ ያየነው የውፍረትና የቅርጽ መለያየት እዚያ አልነበረም። ቀለሙ የነጣው ሁለተኛው ከረጢት የተሰጠው ሥር ግን ጥርት ያለ ባዶ ነበር። ይህ የኔ ዕድል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት በበቆሎ ላይ ከተፈተኑ ዐሥር የንግድ ምርቶች መካከል ሥሩን ጨርሶ ያልያዙ ተገኝተዋል፤ ከዚያ ወዲህ በሌሎች አገሮች የተደረጉ ፍተሻዎችም ተመሳሳይ ውጤት ደጋግመው አሳይተዋል። ስለዚህ በብዛት ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ አንድ ከረጢት ገዝቶ፣ በተቀቀለ አሸዋ ውስጥ በቆሎ ዘርቶ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ሥሩን በዚህ መንገድ ቢመረምር ከብዙ ኪሳራ ይድናል።

የአጠቃቀም መመሪያው ሁለት ከባድ ነገሮችን ሳይናገር አልፏል። አንደኛው ዳፕን የመሰለ ፎስፈረስ የበዛበት ማዳበሪያ ነው፤ ተክሉ ፎስፈረስ እንደልቡ ሲያገኝ ለፈንገሱ መክፈሉን ስለሚቀንስ ፈንገሱ በሥሩ ውስጥ አይስፋፋም። ዱቄቱንም ዳፑንም በአንድ ላይ የሚገዛ ደንበኛ አንዱን በሌላው እያጠፋ ነውና፣ ሻጩ ይህን ሊነግረው በተገባ ነበር። ሁለተኛው የፈንገስ መድኃኒት ነው። ቤኖሚልና ካርበንዳዚም ይህንኑ ፈንገስ ስለሚጎዱ፣ ችግኝ ሲጠወልግ መርጨት የለመደ ጣቢያ ዱቄቱን ባይገዛ ይቀለዋል። ለውኃ ወለድ የሥር በሽታ የሚረጨው ሜታላክሲል ብቻውን ሲሆን ግን ማይኮራይዛን አይጎዳም።

ከዚህ ዱቄት ጋር የሚወዳደረው ሌላ ዕቃ ሳይሆን በዱር ዛፍ ሥር ያለው አፈር ነው። የምፈልገውን ያህል የማገኘው ከጤናማ እናት ዛፍ ሥር፣ የረገፈውን ቅጠል ገለል አድርጌ ከላይኛው ንጣፍ ከነቀጫጭን ሥሩ በምወስደው አፈር ነው። የቤተ ክርስቲያን ደን በአቅራቢያው ያለ ሰው የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዶ አንድ ባልዲ ቢወስድ ይበቃዋል፤ በካሚዮን መጫን ግን ደኑን ማራቆት ነው። ያችን አንድ ባልዲ ማባዛትም ይቻላል፦ አፈሩን በሰፊ ዕቃ ውስጥ ከተቀቀለ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ ማሽላ መዝራት፣ ያለ ፎስፈረስ ማዳበሪያ ለሦስት ወይም ለአራት ወር ማሳደግ፣ ከዚያ ውኃ ነሥቶ ማድረቅ፣ አገዳውን ቆርጦ ጥሎ ሥሩን ከነአሸዋው ከትክቶ መጠቀም ነው። በዚህ መንገድ የሚገኘው ከአካባቢው አፈርና ከእኛው ዛፎች ጋር አብሮ የኖረ፣ ዝርያውም የበዛ ፈንገስ ነው። ጉድለቱ የሥር በሽታና ትል አብሮ ሊያመጣ መቻሉ ነው፤ ስለዚህ ከታመመ ዛፍ ሥር አይወሰድም፣ ከአንዱ ክልል ወደ ሌላውም አይጓዝም። ከረጢቱ በዚህ ረገድ ይበልጣል፤ ንጹሕ ነው፤ ለመያዝም ቀላል ነው። የደን አፈር በሌለበት፣ የድንጋይ ካባ ተቆፍሮ በቀረበት ወይም ጎርፍ የላይኛውን አፈር ጠርጎ በወሰደው ተዳፋት ላይ ለሚተክል ማኅበር ይህ ብልጫ ትንሽ አይደለም። ከአረንጓዴ አሻራ ወዲህ የችግኝ ፍላጎት በጨመረበት ጊዜ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ለተከላ መመረጣቸው የተለመደ ነው።

ከዋጋው አንጻር ስመዝነው አንድ ከረጢት ጥቂት መቶ ችግኞችን ያዳርሳል፤ ይህም በመደብ ላይ ሲሰጥ እንጂ በጉድጓድ ላይ ሲበተን አይደለም። የተተከለ ዛፍን ዙሪያ ቆፍሮ ዱቄት መቅበር፣ በተለይ ዛፉ በዱር መካከል ከሆነ፣ ገንዘብን መቅበር ነው።

የማይሠራባቸውን ዕፅዋት ከረጢቱ «ለሁሉም ተክል» በሚል ቃል ሸፍኖታል፤ ይህ ስህተት ነው። ጎመን፣ ሰናፍጭና ጎመን ዘር፣ እንዲሁም ቀይ ሥርና ቆስጣ ከዚህ ፈንገስ ጋር አይጎዳኙም፤ ግብጦም ፎስፈረሱን በራሱ መንገድ ያገኛል እንጂ እሱን አይፈልግም። የዱር ኦርኪዶች ዘራቸው እንዲበቅል ፈንገስ የግድ ያስፈልጋቸዋል፤ እሱ ግን የተለየ ወገን ነው። በባሌ ተራሮች ከደን ወሰን በላይ የሚበቅለው አስታም የራሱ የሆነ ሌላ የፈንገስ ጉድኝት ስላለው፣ በከረጢቱ ከተዘረዘሩት አንዱም አይሆነውም፤ አስታን ማፍላት የሚፈልግ ሰው አፈሩን ከአስታው ሥር ይውሰድ።